ገንዳው ከደጄ አይነሳም

አስመራ ውስጥ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም። ይህን የምለው ከተማዋን ለማሞገስ አይደለም፤ ሰዉ እንዲያ ብሎ ስለሚያምን ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሽንኩርት ይልጣል፣ አጥንት ይግጣል፤ የተረፈው ነገር የት እንደሚሄድ ብትጠይቁት ግን እናቱን የሰደባችሁበት ይመስል ፊቱን ያዞርባችኋል። በየማለዳው ደጁን ይጠርጋል፣ ውሃ ይረጫል፣ ከዚያም አልፎ የጎረቤቱን ደጅ በዓይኑ ይመረምራል። የገዛ ባልዲውን አንጠልጥሎ መንገድ ላይ ከሚታይ ግን ያለ ሱሪ ቢታይ ይመርጣል። እኔ ይህን የተማርኩት ወድጄ ሳይሆን በግዴ ነው።

ገጀረት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ ትልቅ የጣሊያን ቪላ አጥር ጥግ ላይ፣ ሻሂ ቤት ነበረችኝ። ከፊት አንዲት ክፍል፣ ከጀርባዋ የምተኛባት ጓዳ፣ ደጅ ላይ ደግሞ ጥቂት ጠረጴዛዎች። ከወሎ በልጅነቴ ይዞኝ የመጣው አጎቴ ነው፤ እሱ እዚያው አስመራ፣ በእስላም መቃብር ተቀበረ፣ እኔ ሻሂ እያፈላሁ ቀረሁ። የኤርትራ ነጻነት ሲመጣ የአገሬ ሰው የሚባለው አብዛኛው ወጣ። እኔ አልወጣሁም። ወዴት ልውጣ? ወሎ ውስጥ በስሙ የምጠራው አንድ ሰው አልነበረኝም፤ ገጀረት ግን ውሻው ሳይቀር ያውቀኛል። ሰዉ በደግነትም ይሁን በተንኮል፣ ባገኘኝ ቁጥር "ጓል ወሎ፣ መዓስ ኢኺ ትኸዲ?" ይለኛል፤ የወሎ ልጅ፣ መቼ ነው የምትሄጂው ማለቱ ነው። እኔም "ሻሂው ሲያልቅ" እላለሁ። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዴ ይፈራ ነበር። ሻሂ ቤቷ ከተዘጋች ገጀረት ውስጥ የሚያቆየኝ ነገር አልነበረም፤ ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ ጠያቂዎቼም ያውቁታል።

ድሮ የማዘጋጃ ቤቱ ማኪና ደወል እየደወለ ያልፍ ነበር። የየቤቱ ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ ትወጣለች፤ ባለቤቶቹ በዚያ ሰዓት መስኮት ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ነገሩ እነሱን አይመለከትም። ነጻነት በመጣ ሰሞን ግን ማኪናዎቹ አርጅተው፣ መለዋወጫም ጠፍቶ፣ ደወሉ ጭራሽ ጸጥ አለ። ማዘጋጃ ቤቱም በየሰፈሩ ትልቅ የብረት ገንዳ ለማስቀመጥ አሰበ። ሰው ቆሻሻውን እዚያ ያጠራቅማል፣ ማኪና የተገኘ ቀን መጥቶ ያነሳዋል። ገንዳው የት ይቀመጥ የሚለውን ግን "ህዝቡ ራሱ ይወስን" ተባለ።

ይህን የነገረችን ከሜዳ የገባች ተጋዳሊት ነበረች። ጸጉሯ ጎፈሬ፣ ጫማዋ የፕላስቲክ ሸዳ፣ "ተሳትፎ" የሚለውን ቃል ስትናገር ዓይኗ የሚያበራ። ሐቀኛ ልጅ ነበረች፣ ወድጃታለሁ። ሜዳ ላይ ጠላትን ከተራራ ማስለቀቅ ተምራ መጥታለች፤ የገጀረትን ሰው "ቆሻሻ አለኝ" ማሰኘት ግን የሚያስተምር ተራራ የለም። በደርግ ጊዜ ስብሰባ ይጠሩንና ሁላችንም ዝም እንል ነበር። አሁን ይጠሩንና ሁላችንም እንጮሃለን። ይህም አንድ እድገት ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ኣኼባው፣ ስብሰባው ማለት፣ የተደረገው እኔ ሻሂ ቤት ነው፤ ለሁሉም ቅርብ ስለሆነ። ሰብሳቢው የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ። የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ናቸው፤ ባቡሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ግን አሁንም ሁሉ ነገር በሰዓቱ እንዲገባና እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ገንዳው ግን የሚገባበት ጠፋ። አንዱ በእኔ በር በኩል አይሆንም፣ ሰርግ አለብኝ አለ። ሌላው እናቴን አስም ያፍናታል አለ። በቤተክርስቲያኑ በኩል ኃጢአት ነው፣ በመስጊዱ በኩል ነውር ነው ተባለ። አንድ ብልጥማ "ለምን ጸጸራት ወስደን አናስቀምጠውም?" ብሎ ጠየቀ። ጸጸራት ሌላ ሰፈር ነው፤ የራሱ ሰው፣ የራሱም ቆሻሻ አለው። ሐሳቡ ግን ብዙ ጭብጨባ አገኘ።

በመጨረሻ የቪላው እመቤት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰፈሩ "ሲኞራ" ነው የሚላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ጓንት እንጂ ሌላ ለብሰው አያውቁም፤ ጎረቤቴ ናቸው፣ አጥራችን አንድ ነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ሻሂዬን ቀምሰው አያውቁም ነበር።

"ንዓይ ከም ዝመስለኒ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣" አሉ ሲኞራ፣ "እዚህ ሻሂ ቤት ፊት ይሁን። እዚህ የሚኖር ሰው የለም።"

ይህን ሲሉ ብርጭቋቸው ላይ ሻሂ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። በራዱ እጄ ላይ፣ ጓዳዬ ከጀርባቸው፣ አልጋዬ በበሩ ስንጥቅ ይታያል። ተጋዳሊቷ "ተቃውሞ ያለው?" ብላ ዞር ዞር እያለች አየች። በዚያ ዘመን እንደኔ ያለ ሰው "እኔ እኖራለሁ" ብሎ ቢናገር "ለምን ትኖሪያለሽ?" የሚለውን ጥያቄ በገዛ አፉ መጥራቱ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔም ዝም አልኩ፣ ዝንቡ ግን በማግስቱ ከነገንዳው መጣ። በአንድ ድምፅ ጸድቆ ነበርና የሚመልሰው አልተገኘም።

ገንዳው አረንጓዴ ነበር፣ ክዳኑ የመቃብር ድንጋይ ያህል ይከብዳል። ሲያወርዱት አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። ቁጭ ብዬ ስንት ደንበኛ እንደሚቀረኝ አሰብኩ። ቆሻሻ እያሸተተ ሻሂ የሚጠጣ ማን አለ? ከዚያ ንዴቴ መጣ። እልኸኛ ነኝ፤ ይህን አጎቴም ነግሮኝ ነው የሞተው። ኖራ ገዝቼ ዙሪያውን በተንኩ፣ ጠዋት ጠዋት ከነእግሩ አጠብኩት፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ እንዳያድር ጠበቅኩት። ካልቀረልኝ ከገጀረት ገንዳ ሁሉ ንጹሑ የኔ ይሁን አልኩ።

የመጀመሪያዋ ቆሻሻ አምጪ ማን እንደነበሩ ገምቱ። ሲኞራ። ለቅዳሴ እንደሚሄድ ሰው ለብሰው፣ ጓንታቸውን አድርገው፣ ከወትሮው እጅግ የወፈረ የቆዳ ቦርሳ ይዘው መጡና ደጅ ካሉት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ተቀመጡ። ሻሂ አዘዙ። ጠጡ። ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ተነስተው፣ ከገንዳው ጀርባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የሚያነቡ መስለው ተጠጉና ቦርሳቸውን ከፈቱ። ክዳኑ ግን ከእጃቸው አመለጠና ጓ! ብሎ ተዘጋ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ አለ። ሲኞራ ዶሮ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደርቀው ቆሙ። ሻሂያቸውን ሳይከፍሉ ነው የሄዱት፤ በኋላ ግን ልከውልኛል።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሠራተኛ የመቅጠር አቅም ከብዙው ቤት ጠፍቷል፣ ደወሉ የለም፣ ባለቤቱ ራሱ ይዞት መውጣት አለበት። ይዞ መውጣት ደግሞ አይችልም፣ ሰው ያየዋል። ስለዚህ ሻሂ ሊጠጣ የመጣ ይመስላል። ገጀረት በሙሉ ሻሂ ሊጠጣ የመጣ መሰለ። ሽቅርቅር ብለው፣ ክራባት አስረው፣ ጫማ አስቦርሸው ይመጣሉ። ቆሻሻው በቦርሳ፣ በጋዜጣ ጥቅል፣ በቫዮሊን ሳጥን ሳይቀር ይመጣል። ከሁሉ የበለጠው የኬክ ሳጥን ነበር። ዶልቺ ቤት ከሚሉት ኬክ ቤት የተገኘ ካርቶን፣ በቀይ ሪባን የታሰረ፣ ውስጡ የድንች ልጣጭ። ሰዉ መንገድ ላይ ሲያየው "እንኳን ደስ ያለህ፣ ክርስትና አለ እንዴ?" ይለዋል፤ እሱም "እወ፣ እወ" ይላል።

ክዳኑ ግን ያጋልጣቸው ነበር። እኔም ዘዴ አወጣሁ። ደንበኛዬ ሻሂውን ጨርሶ ብድግ ሲል ሬዲዮኔን ከፍ አደርግለታለሁ። ዘፈን ከሆነ ዘፈን፣ ዜና ከሆነ ዜና፣ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ይጥላል፣ ይዘጋል፣ ኮቱን አራግፎ ይሄዳል። ሲያልፉ በለሆሳስ "የቐንየለይ" ይሉኛል። እኔም ስለ ሻሂው ያመሰገኑኝ እመስላለሁ። ጠረጴዛ ጨመርኩ፣ ፉልና ትኩስ ባኒ ዳቦ ጨመርኩ። ሊያጠፋኝ የመጣው ገንዳ እንጀራዬ ሆነ። የምሄድበትን ቀን የሚጠይቀኝም ቀነሰ፤ እኔ ከሄድኩ ሬዲዮውን ማን ይከፍትላቸዋል?

እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ምንኛ ጥሩ ነበር። ነገሩን ያበላሹት ሊቀመንበሩ ናቸው።

ትልቁ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሊቀመንበሩ ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ሽማግሌ ይዘው ቪላጆ ጀኒዮ ወደሚባለው ሰፈር ይሄዱ ነበር። ባዶ እጅ አይኬድምና ከዶልቺ ቤት ምርጥ ኬክ ገዝተዋል። የባቡር ሰው ናቸውና ደግሞ አንድን ጉዞ ለሁለት ጉዳይ ማዋል ይወዳሉ፤ የቤታቸውንም ቆሻሻ በሌላ ሳጥን ይዘው ወጡ። ሁለቱም ሳጥን ከአንድ ቤት፣ ሁለቱም በቀይ ሪባን። እኔ ጋ ተቀምጠው ሻሂያቸውን ጠጡ፣ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ "ረፈደ!" ብለው ተጣሩ፣ እኔም ሬዲዮኔን ከፍ አደረግኩላቸው። አንዱን ጣሉ፣ አንዱን ይዘው ሄዱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፣ እሳቸው ግን ለመልቀምም አልታደሉም።

የሆነውን የነገረኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ ሲነግረኝ ወንበር ይዞ ነበር የሚስቀው። ንግግሩ አልቋል፣ የልጅቷ አባት ለስልሰዋል፣ እናቲቱ ሳጥኑን በክብር ጠረጴዛው መሐል አስቀምጠው ሪባኑን ፈቱ። የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ አንድ የዓሣ ጭንቅላት። ዓሣው ዓይኑን ገልጦ የልጅቷን አባት ያያል። አባትየው፣ ጨዋ ሰው ናቸውና፣ "በእናንተ በኩል እንዲህ ያለ ወግ አለ?" ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ሳጥኑን መልሰው ከደኑት። ልጅቷ ግን ከበር ኋላ ሆና ስትስቅ ተሰማች፤ ይህን ቤተሰብ ካላገባሁ አለች ይባላል፣ ሰጧትም።

ሊቀመንበሩ ግን ውርደቱን ሊውጡት አልቻሉም። በራሳቸው መቆጣት ስለማይሆንላቸው በገንዳው ተቆጡ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ጾሙ በገባ በሳምንቱ ሌላ ኣኼባ ጠሩ። ተጋዳሊቷ መጣች፣ ሰፈሩም መጣ፣ ሲኞራም ጓንታቸውን አድርገው መጡ። እኔ እንደ ልማዴ ሻሂ አዞራለሁ።

"ይህ ገንዳ ሰፈራችንን አዋርዷል፣" አሉ ሊቀመንበሩ። "ከዚህ ይነሳ።"

ይህን ሲሉ ከመንገዱ ማዶ ባር ያለው ሰውዬ ዘሎ ተነሳ። ከዓመት በፊት ገንዳውን በበሩ በኩል እንዳያሳልፉት አስፋልቱ ላይ ተኝቶ የነበረ ሰው ነው። አሁን ግን የኔን ጠረጴዛዎች ሲቆጥር ከርሟል።

"እኔ ለሰፈሬ ስል መሥዋዕት እሆናለሁ፣" አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "በእኔ ባር ግድግዳ በኩል ይቀመጥ። ጥላ አለ፣ ማኪያቶም አለ። ደግሞስ እሷ ጋሻ እያ፣ እንግዳ ናት። ዛሬም ትሂድ ነገ ወደ አገሯ መሄዷ አይቀርም። የህዝብ ንብረት በእንግዳ ደጅ አይቀመጥም።"

ጉምጉምታ ሆነ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ገንዳው ከሄደ ጠረጴዛዎቼ አብረውት ይሄዳሉ፤ ያለ ጠረጴዛዎቼ ደግሞ የሰውዬው ቃል እውነት ይሆናል፣ ከአስመራ እወጣለሁ። ያኔ ተጋዳሊቷ ወደ እኔ ዞራ "ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ከገንዳው ጀምሮ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ምን ትያለሽ ያለኝ አልነበረም።

በራዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

"እንግዳ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣" አልኩ። "እንግዳ ሳሎን ነው የሚቀመጠው። መጋረጃችሁን፣ የሰርግ ፎቷችሁን፣ የታጠበ ብርጭቋችሁን ያያል። የእናንተን ሳሎን እኔ አላውቀውም፤ አንዳችሁም ግቢ ብላችሁኝ አታውቁም። እኔ የማውቀው ጉዳችሁን ነው። ሐኪም የከለከለውን ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚጥለውን አውቀዋለሁ። ጸጉሬ በተፈጥሮው ጥቁር ነው እያለ የቀለም ቆርቆሮ የሚጥለውንም አውቀዋለሁ።" ባለ ባሩ እጁ ሳያስበው ወደ ጸጉሩ ሄደ። "በዚህ በትልቁ ጾም፣ ያውም በዕለተ ዓርብ፣ የዶሮ አጥንት የጣለውን አውቀዋለሁ።"

እኔ ያሰብኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያቀረቀረው ግን የቤቱ እኩሌታ ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ኣታ፣ ዝዓይነት ጉድ!" ሲሉ ተሰሙ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ቀና አላሉም።

"ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣" አልኩ። "አሁንም ስም አልጠራም። ጉድ አይቶ የሚሸፍን የቤት ሰው ነው። እንግዳ ናት ካላችሁ ገንዳችሁን ውሰዱ፣ እኔም ጨርቄን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። የቤት ሰው ከሆንኩ ግን ገንዳው ከደጄ አይነሳም!"

ጮኼ ነበር። ስጨርስ እንባዬ መጣና ፊቴን ወደ ጓዳው አዞርኩ፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም። "ሓቃ እያ"፣ እውነቷን ነው፣ ሲል ሰማሁ አንድ ሰው። ተጋዳሊቷ ገንዳው ይነሳ የሚል እጁን ያውጣ አለች። ዞር ብዬ ሳይ የባለ ባሩ እጅ ብቻውን ቆሟል። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ግማሽ ድረስ አንስተው፣ ዙሪያውን ቃኝተው፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉበት። ይቆይ የሚል ስትል መጀመሪያ የወጣው እጅ ጥቁር ጓንት ያደረገ ነበር። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። በፍቅር ይሁን በፍርሃት አላጣራሁም፤ ድምፅ ድምፅ ነው። ተጋዳሊቷ ደስ ብሏት "ይህ ነው ተሳትፎ ማለት!" አለች፣ እኛም አጨበጨብንላት።

በቀጣዩ ዓርብ ጠዋት ደጄን ስጠርግ የቪላው በር ተከፈተና ሲኞራ ወጡ። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። የቤት ውስጥ ቀሚስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጸጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ነው፤ እጃቸው ጓንት የለውም፣ ያረጀ የእጣቢ ባልዲ አንጠልጥሏል። በመንገዱ መሐል፣ ሰው እያየ፣ ቀጥ ብለው መጡ። ሻሂም አላዘዙም፣ ማስታወቂያም አላነበቡም።

"ክዳኑን ያዢልኝ፣ ይከብደኛል፣" አሉ።

ሁለት እጄን ሰጥቼ አነሳሁላቸው። ባልዲው ክዳን አልነበረውም። ከላይ የዶሮ አጥንት፣ አንገቷ ሳይቀር።

አፌን ያዝ ማድረግ መቼም አልችልበትም። "ሲኞራ፣ ጥሩ ነበረች?" አልኳቸው።

"ጨው በዝቶባት ነበር፣" አሉ ባልዲውን እየገለበጡ። ዓይኔን አልሸሹም። "ለፋሲካ ግን በእስላም አሳርጄ እጠራሻለሁ፣ እንድትበዪ። ጠዋት ነይ፣ ሽንኩርቱን አንቺ ትከትፊያለሽ። በኋላ በር ግቢ፤ ወጥ ቤት ነው የምንበላው። ሳሎኑ ለእንግዳ ነው።"

ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ተመለሱ። እኔ ክዳኑን ወደ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ክብደቱ የተሰማኝ በራቸውን ሲዘጉ ነው።